ዓይን በእርጅና ዘመን፤ ስለ ሞራና ስለ ማየት መለዋወጥ

ከቤተ ዘመዶቻችን መካከል ዕድሜያቸው ከሰባ ዓመት ያለፈ፥ በሰሜን ሸዋ ደጋ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት አሉ። እኒህ ሴት በመንደራቸው የታወቁት በእጃቸው ሥራ ነበር፤ ፈትላቸው ቀጭንና እኩል ስለ ሆነ ሸማኔው ከሌላው ሰው ፈትል ለይቶ ያውቀው ነበር ይባላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለበዓል ልንጠይቃቸው ሄደን በማዕድ ላይ ሳለን ከምስሩ ወጥ ጠጠር ወጣና የአንዱን እንግዳ ጥርስ ጎዳ። ምራታቸው ደነገጠች። ምስሩን የለቀሙት ግን ባልቴቲቱ ራሳቸው ስለ ነበሩ አንገታቸውን ደፍተው፥ «ልጄ፥ ዕድሜ ነው፤ ዓይንም እንደ ጉልበት ይደክማል» አሉን። እንዝርታቸውም ከተሰቀለ ሁለት ክረምት እንዳለፈው የሰማነው በዚያው ቀን ነው።

የጤና ሙያ ተምረን፥ ለዚሁም ባሕር ተሻግረን የተመለስን ሰዎች ስንሆን፥ በዓመት ሁለት ጊዜ እየሄድን ስንጠይቃቸው ይህን ሳናስተውል መቅረታችን አሳፍሮናል። ቡና ሲቀዱልን የሲኒውን አፍ በጣታቸው ዳብሰው እንደሚቀዱ አይተን ነበር፤ የአሮጊት ጥንቃቄ መስሎን አለፍነው። ከደጃፍ ስንገባ የሚያውቁን በድምፃችን እንጂ በመልካችን እንዳልነበረም የገባን ዘግይቶ ነው። የዚህን ወር ጽሑፍ ስለ ሽማግሌዎች ዓይን ለማድረግ የወሰንነው ስለዚህ ነው፤ እንዲህ ያለች እናት ወይም እንዲህ ያለ አባት የሌለበት ቤት ጥቂት ነውና።

አስቀድሞ ዕድሜ ብቻውን የሚያመጣውን ለውጥ በሽታ ከሚያመጣው መለየት ያስፈልጋል። ከብሌናችን በስተኋላ እንደ ብርጭቆ የጠራ አንድ ትንሽ ነገር አለ፤ ሐኪሞች ሌንስ ይሉታል። ቃሉ የላቲን ሲሆን ትርጓሜው ምስር ማለት ነው፤ ቅርጹ የምስር ፍሬ ስለሚመስል ነው እንዲህ የተባለው። ይህ ሌንስ በልጅነት እንደ ልብ የሚለመጥ በመሆኑ ሩቁንም ቅርቡንም ያሳያል። ሰው ከአርባ ዓመት ሲያልፍ ግን እየደረቀ ስለሚሄድ ሰውየው ደብዳቤውን ከፊቱ እያራቀ ማንበብ፥ መርፌ ለመሰካትም ልጅ መጥራት ይጀምራል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ተስማሚ መነጽር ይበቃዋል። በስድሳ ዓመት ደግሞ ብሌኑ ስለሚጠብ ሌንሱም ስለሚያደፍ፥ እስከ ዓይን ጓዳ የሚደርሰው ብርሃን አንድ የሃያ ዓመት ወጣት ከሚያገኘው ሢሶውን ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ሽማግሌው አባት «መብራቱን ጨምሩልኝ» ቢሉ መነጫነጭ አይደለም። ከፀሐይ ወደ ቤት ሲገቡ ደፉ ላይ ጥቂት ቆም ቢሉም አትግፏቸው፤ ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ የወጣት ዓይን ከሚፈጅበት ጊዜ የበለጠ ያስፈልገዋል።

ሞራ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሞራ የታረደ በግ ሆድ ዕቃ ላይ ተዘርግቶ የሚታየው ነጭ የስብ መረብ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ የቀድሞ ሰዎች የሽማግሌው ብሌን ነጥቶ ባዩ ጊዜ ያን የመሰለ ነገር የተዘረጋበት መስሏቸው ስሙን ሳይሰጡት አልቀሩም። ስሙ መልካም ነው፤ አሳቡ ግን ያሳስታል። በዓይን ላይ የበቀለ፥ የተለበጠም ነገር የለም። የነጣው ያው የተፈጥሮው ሌንስ ነው። የእንቁላል ውሃ ጥሬውን ሳለ ጠርቶ ይታያል፤ እሳት ሲነካው ግን ይረጋና ይነጣል፤ ወደ ጥሬነቱም አይመለስም። በሌንሱ ውስጥ ያለው ፕሮቲንም በዘመን ብዛት እንዲሁ ይረጋል። ስለዚህ ከላይ የሚንጠባጠብ መድኃኒት፥ የቅጠል ጭማቂ፥ የሚኳልም ነገር ሁሉ ሞራውን ሊያነሣው አይችልም፤ አንዳንዱም የዓይንን ፊት አቊስሎ ሌላ ጠባሳ ያተርፋል።

ዋናው ምክንያት ዕድሜ ነው። የስኳር በሽታ፥ በዓይን ላይ የደረሰ ምት፥ ትምባሆ፥ ብርቱ ፀሐይ፥ የምድጃ ጢስም ያፋጥኑታል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት መደብር እየተገዙ ለማሳከክ ለወራት የሚንጠባጠቡትን የኮርቲዞን ወገን የሆኑ ጠብታዎች በተለይ እናስጠነቅቃለን፤ ማሳከኩን ያስታግሱና ሞራውን፥ ከሞራም የከፋውን የዓይን ግፊት ያመጣሉ።

በአገራችን በ1998 ዓ.ም. የተደረገው ጥናት እንዳስረዳው፥ ከመቶው ሕዝብ 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሲሆን፥ ከእነዚህ ግማሽ የሚያህሉት ብርሃናቸውን ያጡት በሞራ ነበር። በትራኮማ ጠባሳ ያጡት ከመቶው 11.5 ነበሩ። በመላው ዓለምም በ2020 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ከሆነው ሰዎች 15 ሚሊዮን ያህሉ በሞራ ምክንያት እንዳያዩ ሆነው እንደ ነበር ተገምቷል። ከእነዚህ ሽማግሌዎች ብዙዎቹ የዘንጋቸውን ጫፍ ይዞ የሚመራቸው ልጅ አላቸው፤ ያ ልጅ ያን ሰዓት ትምህርት ቤት መሆን ሲገባው መንገድ ላይ ይውላል። ቊጥር ውስጥ የማይገባው ጉዳት ይህ ነው።

ሞራ ሲጀምር ብዙ ሰው የሚያታልልበት አንድ ጠባይ አለው። በአንዳንዱ ሰው የሌንሱ እምብርት ሲጠጥር የብርሃኑን አካሄድ ስለሚለውጠው፥ ሰውየው ሩቁን ማየት እየተሳነው ቅርቡን ግን ከቀድሞው ይልቅ ማየት ይጀምራል። ለዓመታት ያለ መነጽር ዳዊት መድገም ያልቻሉት አባት አንድ ቀን መነጽራቸውን አስቀምጠው ፊደሉን አጥርተው ያነባሉ። «ዓይኔ ታደሰ» ብለው ደስ ይላቸዋል፤ ቤተ ሰቡም አብሮ ደስ ይለዋል። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ደስታ ማቋረጥ ደግ ነገር ባይሆንም የሞራው መግቢያ መሆኑን ልንሰውረው አይገባንም። ከወራት ወይም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያ ማየት ይጠፋል፤ ሽማግሌውም አሁን ዓይናቸውን ሁለተኛ ጊዜ ያጡ ስለሚመስላቸው ኀዘኑ የበረታ ይሆናል። ሐኪም ዘንድ የሚኬደው መነጽሩ የተጣለ ዕለት ነው።

ሌሎቹ ምልክቶች በየቤቱ የሚታዩ ናቸው። በመብራት ዙሪያ ቀለበት መታየት፤ ማምሻውን ደኅና እየሄዱ በቀትር ፀሐይ መደናበር፤ ሰማያዊውን ከጥቁር ለመለየት መቸገር። ይህ የመጨረሻው የሚሆነው ያረጀው ሌንስ ወደ ቢጫነት ስለሚያደላ ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚያስቀር ነው። ክሎድ ሞኔ የተባለው ስመ ጥሩ የፈረንሳይ ሠዓሊ በ1912 እ.ኤ.አ. ሞራ እንዳለበት ከተነገረው በኋላ ሐኪሙን ፈርቶ ዐሥራ አንድ ዓመት ቆየ፤ በዚያ ዘመን የሣላቸው ሥዕሎች ቀይና ቡናማ እየበዛባቸው ሄዱ። በ1923 እ.ኤ.አ. አንዱ ዓይኑ ከተገፈፈለት በኋላ ሰማያዊው እንደ ገና ታየው። የቀለም ሰው ሆኖ ዐሥራ አንድ ዓመት ከፈራ፥ የኛን ባልቴቶች በፍርሃታቸው ልንነቅፍ አይገባም።

ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም። የጥንቱ አሠራር አስፈሪ ነበር። በጥንት ህንድ ሱሽሩታ በሚባለው ሰው ስም የሚጠራው የሕክምና መጽሐፍ እንደሚያስረዳው፥ ባለሙያው በዓይኑ ነጭ በኩል መርፌ አስገብቶ የደፈረሰውን ሌንስ ከብሌኑ ፊት ገፍቶ ወደ ዓይኑ ጓዳ ይጥለው ነበር። ሕመምተኛው ወዲያው ብርሃን ያያል፤ ዋጋውን ይከፍላል፤ ባለሙያውም ወደ ሌላ አገር ያልፋል። ከዚያ በኋላ ዓይኑ ይቈጣል፥ ግፊቱ ይጨምራል፥ ብዙ ጊዜም ይጠፋል። ዮሐን ሰባስትያን ባኽ የተባለው የጀርመን የሙዚቃ ደራሲ በ1750 እ.ኤ.አ. በአንድ ዘዋሪ የዓይን ሐኪም ሁለት ጊዜ ይህን የመሰለ ነገር ተደርጎበት ከወራት በኋላ በዚያው ዓመት ሞተ። በአንዳንድ የአፍሪካና የእስያ አገሮች ይህ ሥራ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ሞራ በመርፌ እገፋለሁ የሚል ሰው ወደ መንደራችሁ የመጣ እንደ ሆነ ዓይናችሁን አትስጡት።

ዣክ ዳቪየል የሚባል ፈረንሳዊ በ1747 እ.ኤ.አ. ሌንሱን በመግፋት ፈንታ አውጥቶ መጣልን ጀመረ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር፤ ነገር ግን ሌንስ የሌለው ዓይን እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር ካላደረገ በቀር ጥርት አድርጎ ስለማያይ ሥራው በግማሽ ቀርቶ ነበር። ሁለተኛው ግማሽ የተገኘው ከጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አየር ኃይል አብራሪዎች የአውሮፕላናቸው መስተዋት በጥይት ሲሰበር ስብርባሪው ዓይናቸው ውስጥ ይገባ ነበር። ሃሮልድ ሪድሊ የተባለው ሐኪም ያ ከፕላስቲክ የተሠራ መስተዋት ዓይን ውስጥ ቀርቶ ዓይኑን እንዳላስቈጣው አስተዋለ፤ ከዚሁ ዓይነት ፕላስቲክም ሌንስ አሠርቶ በኅዳር ወር 1949 እ.ኤ.አ. በለንደን በአንዲት ሴት ዓይን ውስጥ አስገባ። የሙያ ባልደረቦቹ ለብዙ ዓመታት ነቀፉት። እርሱም ራሱ በስተርጅናው ሞራ ይዞት በሁለቱም ዓይኖቹ ይኸው የራሱ ግኝት ተደረገለት፤ እንዲህ ያለ ነገር በሕክምና ታሪክ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ዛሬ የሚደረገው እንዲህ ነው። ሐኪሙ በዓይኑ ዙሪያ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይሰጣል፤ ሕመምተኛው ሳይተኛ፥ እየሰማ፥ በዓይኑ ነጭ ላይ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያነሰ ቀዳዳ ይከፈታል፤ የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሹ በከረጢቱ ውስጥ ይገባል፤ ቀዳዳውም ብዙውን ጊዜ ያለ ስፌት በራሱ ይገጥማል። በሠለጠነ እጅ ዐሥር ወይም ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ዓይን ከጉድጓዱ አይወጣም፤ የሞተ ሰው ዓይንም አይተካም። ይህን አጥብቀን የምንናገረው፥ የዓይን ባንክ በአገራችን ከተቋቋመ ወዲህ ሁለቱን ነገር የሚያደባልቁ ስላጋጠሙን ነው። ከሞተ ሰው የሚወሰደው የፊተኛው የዓይን መስተዋት ጠባሳ ላለበት ሰው እንጂ ለሞራ አይደለም።

«ሞራው እስኪበስል ይጠበቅ» የሚለውም አነጋገር ከሐኪሞች ራሳቸው የመጣ የቆየ ትእዛዝ ነው። በቀድሞው አሠራር እውነት ነበር፤ በዛሬው ግን ቀርቷል። ሰውየው ሥራውን፥ መንገዱን፥ ጸሎቱን የሚያውክበት ደረጃ ላይ ከደረሰ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። ከልኩ በላይ የበሰለ ሞራ ጠጥሮ ሥራውን ያከብደዋል፤ አልፎ አልፎም ፈስሶ ዓይኑን ያስቈጣና ግፊት አምጥቶ ለዘለቄታው ያጠፋዋል።

እኛ በደቡብ ህንድ ሳለን በማዱራይ ከተማ ያለውን የአራቪንድ የዓይን ሆስፒታል አይተናል። ይህን ያቋቋሙት ዶክተር ቬንካታስዋሚ በቊርጥማት ጣቶቻቸው የተጣመሙ ሰው ነበሩ፤ በእነዚያ ጣቶች ነው ዓይን ሲያክሙ የኖሩት። በ1976 እ.ኤ.አ. በ11 አልጋ የተጀመረው ቤት ከዓለም ታላላቆቹ አንዱ ሆኗል። ያስደነቀን ግን ሕንፃው አልነበረም። ከገጠር በአውቶቡስ የመጡት ሽማግሌዎች ባዶ እግራቸውን፥ እየተያያዙ በሰልፍ ሲገቡ ያየናቸው፥ በማግሥቱ ጠዋት ያንኑ ሰልፍ ፈትተው እያንዳንዱ ለየራሱ ሲሄድ መመልከታችን ነው። በአገራችንም በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልና በጅማ፥ በጎንደር፥ በሐዋሳ፥ በኵሓ ይህ ሥራ ሲሠራ ኖሯል፤ የዘመቻ ሐኪሞችም በየአውራጃው ይወጣሉ። ዘመቻው የሚውልበትን ቀን ከአቅራቢያችሁ ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

ተራው እስኪደርስ ድረስ ግን ሽማግሌው በቤት ይኖራል፤ ይህ የመጠበቅ ዘመንም ወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ዓመት ነው። በዚህ ጊዜ ቤተ ሰቡ የሚያደርገው ብዙ ነው። ዓይን ሲደክም ጨርሶ የሚጠፋበት ነገር በመልክ ከጎኑ ያለውን የሚመስለው ነው። ጥቁር ቡና በነጭ ሲኒ ሲቀዳ ይታያል፤ ወተት በነጭ ኩባያ ግን ሞልቶ ሲፈስ አይታይም፤ ስለዚህ ወተቱን በጥቁር ዋንጫ ስጡ። የደረጃውንና የደፉን ጫፍ ኖራ ቀቡ፤ መሬቱና ደፉ አንድ መልክ ከሆኑ እግር ይሳሳታል፤ የሽማግሌ መውደቅ ደግሞ ወደ ዳሌ አጥንት ስብራት የሚወስድ መንገድ ነው። ዱካውን፥ ረከቦቱን፥ የውሃውን እንስራ ከለመደበት ቦታ አታንቀሳቅሱ። ምራቶች ቤት ሲያሰናዱ ይህን በቀና ልብ እንደሚያፈርሱት እናውቃለን። የሚቀመጡበት ቦታ መስኮቱ በትከሻቸው በኩል እንጂ በፊታቸው እንዳይሆን ይሁን፤ ፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን ሞራ ያለበትን ዓይን ያጥበረብራል። በፀሐይ ሲወጡ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ይርዳቸው። የመድኃኒት ጠርሙሶችን አንዱን በአንድ ክር፥ ሌላውን በሁለት ክር እሰሩላቸው። የገንዘቡን ኖት በየዓይነቱ በተለያየ አኳኋን አጥፈው ቢይዙ በገበያ አይታለሉም። ስትገቡም ስማችሁን ተናገሩ፤ «ማን መሆኔን እወቁኝ» ብሎ ሽማግሌን መፈተን ጨዋታ አይደለም።

ሥራቸውን ግን ጨርሳችሁ አትውሰዱባቸው። ቡና መቁላት ከዓይን ይልቅ በሽታው፥ በመንጣጣቱም ይታወቃል፤ ባቄላ መፈልፈልም የጣት ነው። እሳቱን የሚጠብቅ ሰው በአጠገባቸው ይኑር እንጂ ከምድጃው አታባርሯቸው።

ደግሞ ስለ አንድ ስውር ነገር እንናገር። ዓይናቸው የደከመ አንዳንድ ሽማግሌዎች የሌለ ነገር ያያሉ፤ ትናንሽ ሰዎች፥ ያጌጠ ልብስ፥ የአበባ ሐረግ፥ ድምፅ የሌለው ሰልፍ። ቻርለስ ቦኔ የተባለ የጄኔቭ ሊቅ በ1760 እ.ኤ.አ. ይህን በጽሑፍ ያስታወቀው ከራሱ አያት ተነሥቶ ነው፤ አያቱ የ89 ዓመት ሽማግሌ፥ አእምሯቸው የተሟላ፥ ዓይናቸው ግን በሞራ የደከመ ነበሩ። አእምሮ ከዓይን የሚመጣለት ነገር ሲያንስበት ከራሱ ጓዳ እያወጣ ሥዕል ይሠራል፤ እብደትም አይደለም፥ መጃጀትም አይደለም። ባልቴታችን ነጭ የለበሱ ሕፃናት በግቢው ዳር ቆመው ያዩ እንደ ነበር የነገሩን በብዙ ልመና ነው፤ ለነፍስ አባታቸው እንኳ ሳይናገሩ ወራት ቆይተዋል። ዛር ነው እንዳይባሉ ፈርተው ነበር። ስለዚህ ሽማግሌዎቻችሁን በቀስታ፥ ሰው በሌለበት ጠይቋቸው፤ ምን እንደ ሆነም አስረዷቸው። ስሙ ሲነገራቸው ብቻ ብዙዎቹ ይረጋጋሉ።

ዓይን የሚያደክመው ሁሉ ሞራ እንዳልሆነም ይታወቅ። ግላኮማ የሚባለው የዓይን ግፊት ዳር ዳሩን ሳያሳምም እየበላ ይሄዳል፤ የወሰደውንም አይመልስም። ከእናት ከአባት ይወረሳልና ወገኑ የታመመ ሰው ከአርባ ዓመቱ ጀምሮ ይመርመር። በትራኮማ የቆሰለ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኑን የሚፍቅባቸው፥ ወረንጦ ባንገታቸው አንጠልጥለው የሚኖሩ እናቶችም በቀላል የሽፋን ቀዶ ሕክምና ይድናሉ። ድንገት በአንድ ዓይን ጥላ የጋረደው፥ የብልጭታና የጥቁር ነጠብጣብ ውርጅብኝ ያየ፥ ወይም ዓይኑ ቀልቶ ከራስ ምታትና ከትውከት ጋር ያመመው ሰው ዘመቻ አይጠብቅ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረስ።

ከተገፈፈ በኋላ የሚሰጠው ጠብታ ለሳምንታት ሳይቋረጥ ይደረጋል፤ ጠብታው ከመደረጉ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠባል። ዓይን አይታሽም፤ ከባድ ነገር አይነሣም፤ ከጢስ ቤት መራቅ ይገባል። ስለ ጠበል የሚጠይቁን ብዙዎች ናቸው። ቀዳዳው ፈጽሞ ሳይገጥም ማናቸውም ያልፈላ ውሃ ዓይን ውስጥ መግባት የለበትምና፥ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ዓይኑ ተሸፍኖ ከአንገት በታች መጠመቅ ይቻላል፤ የነፍስ አባትም ይህን ሲነገራቸው ሲከለክሉ አላየንም። ሕመሙ እየበረታ፥ ዓይኑ እየቀላ፥ ማየቱም እየቀነሰ የሄደ እንደ ሆነ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪሙ መመለስ ነው። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እንደ ገና ቢደበዝዝ ሞራው ተመልሶ አልበቀለም፤ ሌንሱን የያዘው ከረጢት ደፍርሶ ነው፤ በሌዘር ብርሃን በደቂቃዎች ይከፈታል።

ባልቴታችን ቀኝ ዓይናቸው የተገፈፈ ባለፈው ዓመት ነው። በማግሥቱ ጠዋት ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ የተመለከቱት የገዛ እጃቸውን ነበር፤ አገላብጠው አይተው፥ «ይህን ያህል አርጅቻለሁን?» አሉ። ወደ ቤታቸው በተመለሱ ጊዜም የጣራውን የሸረሪት ድር አይተው ምራታቸውን ተቈጡ፤ ምራቲቱም እየሳቀች መጥረጊያ አመጣች። ሕፃናቱ ከግቢው ዳር ጠፍተዋል። የግራው ዓይን ቀጠሮ ከአጨዳ በኋላ ነው፤ እስከዚያው ድረስ ምስሩን የሚለቅሙት እርሳቸው ናቸው፥ እንዝርቱንም አውርደዋል።